የሼኽ ራሺድ ቃልና የዱባይ ፍርድ ቤት

መርካቶ ውስጥ ሸቀጥ የሚያመላልስ ነጋዴ ሁሉ ዱባይን ያውቃታል። ልብሱም፣ ስልኩም፣ የመኪና መለዋወጫውም፣ ሽቶውም በዚያች ከተማ በኩል ዞሮ መምጣት ከጀመረ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከዘመዶቼ አንዱ በዚሁ ንግድ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ሰው ነው። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሱቁ ቁጭ ብለን ስንጨዋወት፣ ከሌላው አገር ሁሉ ዱባይን ለምን እንደመረጠ ጠየቅሁት። የዋጋውን ርካሽነት ያወራልኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እርሱ ግን ርካሽ ዋጋ ሌላም ቦታ እንደሚገኝ፣ ዱባይ ላይ ግን ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጥቶ ዕቃው እስኪጫን ድረስ እንቅልፍ እንደማያጣ ነገረኝ። ከሻጩ ጋር ቢጣላም አቤት የሚልበት ቦታ እንዳለ ያውቃል።

ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ነጋዴ ወገን ዘመድ በሌለበት፣ ቋንቋውንም አጥርቶ በማያውቅበት አገር ገንዘቡን አውጥቶ የሚሰጠው ምንን አምኖ ነው? የሰውን ቃል ነው ወይስ የአገሩን ሕግ? ዱባይ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ጊዜ መልስ ሰጥታለች። መጀመሪያ በአንድ ሰው ቃል፣ ኋላ ደግሞ በተጻፈ ሕግና በፍርድ ቤት። ከቃሉ ወደ ጽሑፉ የተሻገረችበትን መንገድ ለመረዳት የዚያን ሰው ሕይወት ማወቅ ግድ ይላል። እኚህ ሰው ሼኽ ራሺድ ቢን ሰዒድ አልመክቱም ናቸው። ስማቸውን ያልሰማ ጥቂት ነው፤ ታሪካቸውን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው በረዣዥም ሕንፃዎች ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ሼኽ ራሺድ በ1912 ተወለዱ። አባታቸው ሼኽ ሰዒድ ቢን መክቱም የዱባይን ሥልጣን የያዙትም በዚያው ዓመት ነበር። ለሥራ ጉዳይ ዱባይ በሄድኩ ጊዜ ሺንዳጋ በሚባለው ሠፈር የሚገኘውንና ዛሬ ሙዚየም የሆነውን የሼኽ ሰዒድን ቤት አይቼዋለሁ። ከባሕር ድንጋይ የተሠራ፣ ነፋስ የሚስቡ ማማዎች ያሉት ቤት ነው። ለዚያ ዘመን ትልቅ ሊባል ይችላል፤ ቤተ መንግሥት ግን አይደለም። ከበሩ ላይ ቆሞ የሚታየው ውሃ፣ ዐረቦቹ ኸውር የሚሉት፣ ከባሕሩ ተነጥሎ ወደ የብስ የሚገባ የባሕር ክንድ ነው። የከተማዋ ሕይወት ያ ውሃ ነበር። ሕፃኑ ራሺድ ያደጉት መርከብ ሲራገፍ፣ ነጋዴ ሲከራከር እያዩ ነው። እናታቸው ሸይኻ ሑሳ ቢንት አልሙር ብርቱና በንግድም የበሰሉ ሴት እንደነበሩ የዱባይን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ይስማሙበታል። ልጃቸው የነጋዴን ልብ ማንበብ የተማሩት በከፊል ከእርሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ዱባይ የነጋዴ ከተማ የሆነችው ከሼኽ ራሺድ ልደት በፊት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የፋርስ መንግሥት ሊንጋ በምትባለው ወደቡ የጉምሩክ ቀረጡን አከበደ። የዚያን ጊዜ የዱባይ ገዥ የነበሩት ሼኽ መክቱም ቢን ሐሸር ደግሞ በተቃራኒው ቀረጡን አንስተው ለተማረሩት የሊንጋ ነጋዴዎች በራቸውን ከፈቱ። ነጋዴዎቹም ባሕሩን ተሻግረው መጡ፤ ለቤታቸው መሥሪያም ቦታ ተሰጣቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ለጊዜው ነው ብለው የመጡ ነበሩ፤ እዚያው ወልደው ከበሩ። እንግዲህ የዱባይ የመጀመሪያ ትምህርቷ ይህ ነበር፦ ነጋዴ በደል ሲበዛበት እግር ያወጣል፤ ሐቁ ወደሚከበርበትም ይሄዳል።

ወጣቱ ራሺድ አሕመዲያ በተባለው ትምህርት ቤት ቁርኣንና ዐረብኛ ተምረው ሳይጨርሱ ከባድ ዘመን መጣ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሀብት ከባሕር ወለል የሚወጣ ሉል ነበር። በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ ጌጥ የሚገዛ ጠፋ። በዚያው ዘመን ጃፓኖች ሉልን በሰው እጅ ማርባት ቻሉና ገበያውን ሞሉት። ጠላቂው ከአበዳሪው፣ የመርከቡ አለቃ ከነጋዴው፣ ነጋዴው ደግሞ ከህንድ ደላላ ጋር በዕዳ ተሳስሮ ነበርና አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ተከታትሎ ወደቀ። በዚያ ችግር ጊዜ ለአገሩ ትንሽ ገቢ የተገኘው ከውጭ ኩባንያዎች ነው። በ1937 የእንግሊዝ አየር መንገድ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖቹን በኸውሩ ላይ ለማሳረፍ፣ አንድ የነዳጅ ኩባንያም ነዳጅ ለመፈለግ ውል ተዋዋሉ።

ጠቡ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። የውጭ ኩባንያዎቹ ገንዘቡን የሚከፍሉት ለገዥው ለራሳቸው ነበር። የከሰሩት የከተማዋ ነጋዴዎችና ከገዥው ቤተሰብም አንዳንዶቹ ጥያቄ አነሡ። የአገር ውል የአንድ ሰው ገቢ ሊሆን ይገባዋልን? በጥቅምት 1938 ዴይራ የሚባለውን የከተማዋን ክፍል በጦር መሣሪያ ያዙ። ሼኽ ሰዒድም ሳይወዱ 15 አባላት ያሉት ምክር ቤት እንዲቋቋም ፈረሙ። በዚህ ስምምነት ገቢው ወደ ጋራ ግምጃ ቤት እንዲገባ፣ ወጪም በምክር ቤቱ ድምፅ እንዲሆን፣ ለገዥው ስምንተኛው እጅ እንዲደርስ ተወሰነ። ምክር ቤቱ ጉምሩኩን ሊያስተካክል፣ ትምህርት ቤት ሊከፍት፣ የከተማ አስተዳደር ሊያቆም ተነሣ። አንድ ዓመት ግን አልሞላም።

በመጋቢት 1939 የሼኽ ራሺድ ሠርግ ሆነ። ሙሽራይቱ ከአቡ ዳቢ ገዥ ቤተሰብ የተወለዱት ሸይኻ ለጢፋ ነበሩ። ሠርጉ ዴይራ ውስጥ እንዲሆን ተደረገ፤ ከሠርገኛው ጋርም የታጠቁ ሰዎች ገቡ። በዚያን ቀን በተነሣው ተኩስ ከተቃዋሚዎቹ መሪዎች የተገደሉ አሉ፤ የቀሩት ወደ ሻርጃ ሸሹ፤ ምክር ቤቱም ፈረሰ። ሼኽ ራሺድን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህን ምዕራፍ ቶሎ ይዘልሉታል። እኔ ግን የምንዘለው አይመስለኝም። የሰውየው ሕይወት ሁሉ የሚነበበው በዚህ ቀን በኩል ነው። ምክንያቱም ከዚያ ቀን በኋላ በነበሩት 50 ዓመታት ሼኽ ራሺድ ያጠፉትን የዚያን ምክር ቤት ዕቅድ አንድ በአንድ በራሳቸው እጅ ፈጽመዋል። ትምህርት ቤቱን፣ የከተማ አስተዳደሩን፣ የጉምሩኩን ሥርዓት፣ ሁሉንም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ገዥው ራሱ በጽሑፍ መታሰሩ።

አባታቸው እያረጁ ሲሄዱ ሥራው በልጃቸው እጅ ወደቀ። በ1958 ሼኽ ሰዒድ ሲሞቱ ሼኽ ራሺድ በስምም በተግባርም ገዥ ሆኑ። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ትልቁ ጠላት ደለል ነበር። ኸውሩ በአሸዋ እየተሞላ መርከብ መግባት አቅቶት ነበር። የእንግሊዝ መሐንዲሶች መጥተው ጥናት አቀረቡ፤ ዋጋው ግን ከከተማዋ ዓመታዊ ገቢ በእጅጉ የሚበልጥ ሆነ። ነዳጅ ገና አልተገኘም፤ ባንክ የሚያበድረውም ንብረት አልነበረም። ሼኽ ራሺድ ሁለት መንገድ ያዙ። ከኩዌት ተበደሩ፤ ለራሳቸው ነጋዴዎች ደግሞ የብድር ሰነድ ሸጡ። የከተማው ነጋዴ ገንዘቡን አወጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደለሉ ተጠረገ፤ ከውሃው የወጣው አሸዋ ዳርቻው ላይ ተደልድሎ አዲስ መሬት ሆነ፤ መሬቱም ተሸጦ ለወጪው ረዳ። ብድሩም ተከፈለ። ጎረቤት ሻርጃ የራሷን ባሕር በጊዜው ሳትጠርግ በመቅረቷ ነጋዴዋ ወደ ዱባይ ተሻገረ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከደለሉ የሚበልጥ ነገር ተሠርቷል ብዬ አምናለሁ። አንድ ገዥ ከነጋዴዎቹ ተበድሮ ዕዳውን ከፈለ። በዚያን ጊዜ በምሥራቁም በምዕራቡም ከነጋዴ ወስዶ የሚቀር ገዥ ብዙ ነበርና ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ1960 ደግሞ የመሬት መዝገብ ቤት አቆሙ፤ የማን ቦታ ከየት እስከ የት እንደሆነ በመዝገብ ሠፈረ። በዚያው ዓመት የአውሮፕላን ማረፊያው ተከፈተ። በ1963 ከኸውሩ ማዶና ማዶ ያሉትን ሠፈሮች የሚያገናኘው ድልድይ ቆመ፤ የዱባይ ብሔራዊ ባንክም ተመሠረተ።

የውጭው ነጋዴስ የሚዳኘው በማን ነበር? ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። እስከ 1971 ድረስ ዱባይ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ስለነበረች የእንግሊዝ ዜጎችና ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች የሚዳኙት በእንግሊዝ ወኪል ችሎት ነበር። ያገሬው ሰው ጉዳይ ለቃዲው ይቀርባል፤ የሉል ንግድ ክርክር ሙያውን በሚያውቁ ሽማግሌዎች ይታያል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ ወደ ሼኹ መጅሊስ ይመጣል። ሼኽ ራሺድ በማለዳ ተነሥተው ብዙ አጃቢ ሳያስከትሉ የሥራ ቦታዎችን የመጎብኘት ልማድ ነበራቸው። ከዚያ በመጅሊሳቸው ተቀምጠው ፒፓቸውን እያጨሱ ባለጉዳይ ይሰማሉ። ህንዱም፣ ፋርሱም፣ እንግሊዙም፣ በረኛውም ይገባል። ጉዳዩ በአንድ ቃል ያልቃል። በዚያ ዘመን የነበረ ነጋዴ ከወረቀት ይልቅ ይህን ቃል ያምን ነበር፤ ቃሉም ለነጋዴው ብዙ ጊዜ አልታጠፈበትም።

ይሁን እንጂ የቃል ሕግ ማየት የማይፈልገውን አያይም። በ1960ዎቹ ዱባይ ከለንደን የሚገዛ ወርቅ ማራገፊያ ሆነች። ወርቁ ዱባይ ሲገባ በሕግ ነው፤ ሲወጣም በሕግ ነው። ህንድ ዳርቻ ሲደርስ ግን የህንድ መንግሥት የከለከለው ኮንትሮባንድ ይሆናል። የዱባይ ገዥ የሌላ አገር የጉምሩክ ዘበኛ አይደለሁም በሚል መርሕ ጸኑ። ነጋዴው ከበረ። የህንድ ግምጃ ቤት ግን ያጣውን አጣ። ብዙ የገንዘብ ማዕከል የሚባሉ ከተሞች፣ ዙሪክም ሆነ ሆንግ ኮንግ፣ ለእንግዳ ገንዘብ የሚሰጡት ጥበቃ እንዲህ ያለ ጥላ አለበት። የገንዘቡ ባለቤት እንዳይበደል ሕጉ ይተጋል፤ ገንዘቡ ከማን እጅ እንደመጣ መጠየቅ ግን ይዘገያል።

በ1966 ነዳጅ ተገኘ፤ በ1969 ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። የዱባይ ነዳጅ ከአቡ ዳቢ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነበር። ሼኽ ራሺድም ይህ ሀብት በእርሳቸው ልጆች ዘመን ሊያልቅ እንደሚችል ተረድተው ገንዘቡን ወደ ድንጋይና ብረት ለወጡት። በስማቸው የተሰየመው ወደብ መጀመሪያ ለ4 መርከቦች ማቆሚያ ታቅዶ ሳለ ሥራው ሳያልቅ ወደ 16 አሳደጉት። በ1971 ኤምሬቶች ሲዋሐዱ ሼኽ ራሺድ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከ1979 ጀምሮም ጠቅላይ ሚኒስትርነትን ደረቡበት። ዱባይ ግን ወደ ኅብረቱ ስትገባ ፍርድ ቤቶቿን ለራሷ አስቀርታለች። በ1979 ከከተማው ርቆ በምድረ በዳው ዳርቻ ጀበል ዐሊ የተባለው ወደብ 67 የመርከብ ማቆሚያ ይዞ ተከፈተ። ብዙ አዋቂዎች ከንቱ ወጪ ነው ብለውት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ያልተሳሳቱ አስመስለዋቸዋል።

ወደቡን የሞላው ግን ሕግ ነው እንጂ ሲሚንቶ አይደለም። በ1984 የወጣው የኅብረቱ የኩባንያዎች ሕግ የውጭ ሰው ከ49 በመቶ በላይ ድርሻ እንዳይኖረው ያስገድድ ነበር። ቀሪው 51 በመቶ ያገሬው ሰው ነው። በዓመቱ፣ በ1985፣ ዱባይ በጀበል ዐሊ ነፃ የንግድ ቀጠና አቋቋመች። በዚያ አጥር ውስጥ የውጭ ነጋዴ ድርጅቱን መቶ በመቶ የራሱ ማድረግና ትርፉን ይዞ መሄድ ይችላል። ሥራው የተጀመረው በ19 ኩባንያዎች ነው፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ10,000 አልፏል። የሊንጋ ነጋዴዎች ታሪክ ተደገመ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ የተሰጣቸው ቃል በደንብ የተጻፈ መሆኑ ነው።

ሼኽ ራሺድ ይህን በሙሉ ጤንነት አላዩትም። በ1981 ከባድ ሕመም ያዛቸው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ቀስ በቀስ በልጆቻቸው እጅ ሆነ። ጥቅምት 7 ቀን 1990 ዓረፉ። አላህ ይዘንላቸው። ያ ትልቅ ቃል ከባለቤቱ ጋር መቃብር ወረደ። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው። ልጆቹ መሬቱን፣ ወደቡን፣ ስሙን ሊወርሱ ይችላሉ። ሼኹ ማንን አምነው ለማን ምን ቃል እንደሰጡ ግን አይወረስም።

ልጆቻቸው ይህን ያወቁ ይመስላል። በ2004 የኅብረቱ ሕገ መንግሥት ተሻሻለና የዱባይ ዓለም አቀፍ የገንዘብ ማዕከል ተቋቋመ። ይህ ከከተማዋ መሐል የተከለለ ቦታ ሲሆን የፍትሐ ብሔርና የንግድ ጉዳዮች የሚዳኙበት የራሱ ሕግና ፍርድ ቤት አለው። ችሎቱ የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥርዓቱ ከእንግሊዝ የሕግ ባህል የተቀዳ ነው፤ የመጀመሪያው ዋና ዳኛ እንግሊዛዊ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሲንጋፖር ሰው ነበሩ። ጅማሬው ግን ያለ እንቅፋት አልነበረም። በዚያው በ2004 የማዕከሉን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲመሩ የመጡ ሁለት የውጭ ባለሙያዎች በድንገት ተሰናበቱ፤ የዓለም ባንኮችም የተቆጣጣሪው ነፃነት የቱ ላይ ነው ብለው ጠየቁ።

የባሰው ፈተና በ2009 መጣ። በኅዳር ወር የመንግሥት የሆነው ዱባይ ወርልድ የተባለው ድርጅት ዕዳውን ለስድስት ወር እንዲታገሡት አበዳሪዎቹን ጠየቀ። ነገሩ ወደ 26 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ነበር። የዓለም ገበያ ተናወጠ። አበዳሪዎቹ ለዓመታት ያበደሩት ከመንግሥት ስም በስተጀርባ የመንግሥት ዋስትና አለ ብለው በመገመት ነበር። ሰነዱ ሲገለጥ ግን ዋስትናው አልተጻፈም። የልማድ እምነት ወረቀት ላይ ሲፈለግ ታጣ። አቡ ዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር ሰጠች። ዱባይም በታኅሣሥ ወር በአዋጅ ልዩ ችሎት አቋቁማ፣ አበዳሪ ሁሉ ድርጅቱን የሚከስበትን ሥርዓት በጽሑፍ አወጣች። ዳኞቹም ከዚያው ከገንዘብ ማዕከሉ ፍርድ ቤት የመጡ ነበሩ። ከ2011 ጀምሮ ከማዕከሉ ውጭ ያለ ነጋዴም በውሉ ከተስማማ ወደዚህ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አቡ ዳቢ በ2015፣ የካዛኪስታኗ አስታና በ2018 ተመሳሳይ ፍርድ ቤት ከፍተዋል።

አንዳንድ ወንድሞች የሙስሊም አገር ለምን የእንግሊዝ ሕግ ይዋሳል ብለው ሲቆጩ ሰምቻለሁ። ቁጭቱ ይገባኛል። ነገር ግን በቁርኣን ውስጥ ረዥሙ አንቀጽ የሚናገረው ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈር፣ ስለ ምስክርና ስለ ጸሐፊ ታማኝነት መሆኑን አንዘንጋ። ውልን መጻፍ ከባዕድ የመጣብን ነገር አይደለም፤ እኛ የተውነውና ሌላው ያነሣው ነው። ከዚያ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሕግ የቆመው ለማን ነው?

ያን ጉብኝቴን ላስታውስ። ጠዋት የሼኽ ሰዒድን ቤት ካየሁ በኋላ ከሰዓት በኋላ የገንዘብ ማዕከሉ ትልቅ በር ፊት ቆምኩ። ማታ ዴይራ ውስጥ ካለ የአገራችን ምግብ ቤት ገብቼ ከአንዲት የወሎ ልጅ ጋር ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ስትሠራ የቆየች ናት። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ወስዳባታለች፤ የስድስት ወር ደመወዟም አልተከፈላትም። አቤት የምትልበት ቦታ እንዳለ ጠየቅኋት። ፈርታ ዝም አለች። የመርካቶው ዘመዴ ያለው ፍርድ ቤት እርሷ ከተቀመጠችበት በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው። ለእርሷ ግን ከወሎ ይርቃል።

እውነቱን ለመናገር በወረቀት ደረጃ ነገሩ ተሻሽሏል። ኅብረቱ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ሕግ በ2017 አውጥቷል፤ በ2022 ደግሞ በሌላ ተክቶታል። ለነጋዴውም ቢሆን በ2021 የ51 በመቶው ግዴታ ከአብዛኛው ሥራ ላይ ተነሥቷል፤ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚያሳስርበት ደንብም በ2022 በጣም ላልቷል። ነገር ግን አንዱ ሕግ ራሱ የሚጠራ ጠበቃና ችሎት አለው፤ ሌላውን ሕግ የሚያነብላት ሰው የሌላት ልጅ አለች። አገራችን በ2013 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ከልክላ፣ በ2018 መልሳ ስትፈቅድ ከሁሉ በፊት የተጠየቀው የሁለቱ አገሮች የሥራ ውል የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ነገሩ ወደ ደጃችን ስለመጣ ነው። ኢትዮጵያ በ2020 የውጭ የግልግል ፍርድን የሚያስከብረውን የኒው ዮርክ ስምምነት ተቀብላለች። በታኅሣሥ 2024 ምክር ቤቱ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። በጥር 2025 የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሥራውን ጀምሯል። የውጭ ነጋዴ ሊመጣ ነው። ሲመጣ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የመርካቶው ዘመዴ የጠየቀው ነው፤ ብጣላ አቤት የምለው ለማን ነው ይላል። መልሳችን የአንድ ባለሥልጣን ቃል ከሆነ፣ ያ ባለሥልጣን ሲሻር ቃሉም አብሮ ይሻራል። መልሳችን ለውጩ ሰው ብቻ የቆመ አጥር ከሆነ ደግሞ፣ የራሳችን ቸርቻሪና የቀን ሠራተኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሰው ሐቅ ሲከበር እያየ የራሱን ሐቅ ያጣል።

ሼኽ ራሺድ ትልቅ ሰው ነበሩ። የተበደሩትን ከፍለዋል፤ የማይታይ ነገር አይተዋል፤ ለሕዝባቸው ከአሸዋ ላይ ከተማ አቁመዋል። በ1938 የነበሩት እነዚያ ነጋዴዎች የጠየቁት አንድ ነገር ግን በሕይወታቸው ሙሉ በጠረጴዛቸው ላይ ቀርቶ ነበር። ልጆቻቸው ለውጭው ገንዘብ ሲሉ ግማሹን መለሱት። ቀሪው ግማሽ ለእርሷ፣ ለዚያች የወሎ ልጅ፣ እና እርሷን ለሚመስሉ ሁሉ የሚመለሰው ነው። እኛ ገና ስንጀምር ሁለቱንም ግማሽ አንድ ላይ ብንጽፈው ምን ይጎዳናል? ለሐቅ መቆምን አላህ ይወፍቀን።